ቤት ለእንግዳ፦ የቬኒስ ማረፊያዎችና ገበያዎች ታሪክ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ የአልጋና የሱቅ ታሪክ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በቬኒስ ከተማ ባለጸጋ እንግዳ የት ያድር እንደ ነበር፣ ምን ይገዛ እንደ ነበርና የከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ከ13ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ዘመናችን እከተላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

እኛ የታሪክ ሰዎች ቅንጦትን ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር እንቆጥረዋለን፤ ዋናው ጉዳይ ከተነገረ በኋላ በኅዳግ የሚጻፍ ይመስለናል። ለቬኒስ ግን ይህ አስተያየት አይሠራም። ቬኒስ የእርሻ መሬት የሌላት፣ በጨዋማ ውሃ መካከል በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመች ከተማ ናት። የበለጸገችው በሩቅ አገር የተመረተውን ለሌላ ሩቅ አገር ሰው በመሸጥ ነው። ሻጭና ገዢ ደግሞ ማደሪያ ያሻቸዋል። ስለዚህም በዚህች ከተማ ማረፊያና ገበያ ከመንግሥት ዋና ዋና ጉዳዮች መካከል ነበሩ።

በአገራችን «ቤት ለእንግዳ» እንላለን። አባባሉ ሳይናገር የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ቤቱን ለእንግዳው የሚለቅ ባለቤት በውስጡ መኖሩን። የንግግሬ ጭብጥ ከዚህ ይነሣል። ቬኒስ ለብዙ ዘመናት እንግዳን በራሷ ደንብ የምታስተናግድ የቤት ባለቤት ነበረች። ዛሬ ማረፊያውም ሱቁም አለ፤ እንግዳውም ከመቼውም ይልቅ በዝቷል፤ ባለቤቱ ግን ከቤቱ እየወጣ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በአንድ ሕንፃ ታሪክ በኩል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሕንፃው ፎንዳኮ ዴይ ቴዴስኪ ይባላል፤ የጀርመኖች ፎንዳኮ ማለት ነው። «ፎንዳኮ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ፉንዱቅ» የተወሰደ ሲሆን፣ ዐረብኛውም በበኩሉ «ሁሉን ተቀባይ» የሚል ትርጉም ካለው «ፓንዶኬዮን» ከተባለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው። በሉቃስ ወንጌል ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን መንገደኛ ያስገባበት የእንግዶች ማደሪያ በግሪክኛው የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። በዐረብ አገሮች ዛሬም ሆቴል ፉንዱቅ ይባላል፤ በገልፍ አገሮች ሠርቶ የተመለሰ ወገናችን ቃሉን ያውቀዋል። ቬኒሳውያን ተቋሙን የሚያውቁት በተለይ ከእስክንድርያ ነው። በዚያ ከተማ ራሳቸው በእንዲህ ያለ ቤት ያድሩ ነበር፤ በሩም ሌሊት ሌሊት ይዘጋባቸው ነበር። በባዕድ አገር የተደረገባቸውን እነርሱም በአገራቸው ለመጣ እንግዳ አደረጉት።

የቬኒሱ የጀርመኖች ፎንዳኮ በሰነድ የሚታወቀው ከ1228 ጀምሮ ነው። የቆመው በታላቁ ቦይ ዳር፣ በሪያልቶ ድልድይ ግርጌ፣ በከተማዋ የንግድ እምብርት ላይ ነው። «ጀርመኖች» የሚለው መጠሪያ ከአልፕስ ተራሮች ማዶ የሚመጡትን ነጋዴዎች በጠቅላላ ያመለክት ነበር፤ የኑረምበርግ፣ የአውግስበርግና የሬገንስበርግ ሰዎች ከእነርሱ መካከል ናቸው። ብር፣ መዳብ፣ ብረትና ጨርቅ ይዘው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ስኳር፣ ጥጥ፣ ሐርና የመስተዋት ዕቃ ይዘው ወደ ተራራው ይመለሳሉ።

የቤቱ ደንብ ጥብቅ ነበር። ጀርመናዊው ነጋዴ ቬኒስ ሲደርስ በመረጠው ስፍራ ማደር አይፈቀድለትም። ዕቃውን በፎንዳኮው ምድር ቤት ባሉት መጋዘኖች ያኖራል፤ በላይኛው ፎቅ ክፍል ይከራያል። በቤቱ ላይ የተሾሙት ሦስት ቬኒሳውያን ሹማምንት «ቪስዶሚኒ» ይባሉ ነበር። ሥራቸው ቀድሞ በእኛ አገር ነጋድራስ ይሠራው ከነበረው ጋር ይቀራረባል፤ ገበያውን ይቆጣጠራሉ፣ ቀረጡን ያስከፍላሉ፣ መዝገቡን ያስጠብቃሉ። ነጋዴው መሸጥም ሆነ መግዛት የሚችለው መንግሥት የሾመው ደላላ ባለበት ነው። ደላላው ዋጋውን ይመዘግባል፤ የመንግሥትን ድርሻ ያሳውቃል፤ የራሱንም አበል ይወስዳል።

እንዲህ ያለውን ቤት ወህኒ ብቻ አድርጎ መመልከት ግን ትክክል አይሆንም። ነጋዴዎቹ በዚያ ለማደር ይሽቀዳደሙ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ከነበሩት ባለ ገንዘቦች ሁሉ የሚልቁት የአውግስበርግ ፉገሮች በፎንዳኮው የራሳቸው ክፍሎች ነበሯቸው። ከቤተሰቡ ሁሉ የገነነው ያዕቆብ ፉገር በወጣትነቱ ንግድ የተማረው በቬኒስ ነው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ቢሆንም ከበሩ በስተውስጥ ያለው ትርፍ ለመታገሥ የሚበቃ ነበር።

ወደ ቬኒስ የሚመጣ ሁሉ ነጋዴ አልነበረም። ከተማዋ ወደ ኢየሩሳሌም የሚጓዙ ተሳላሚዎች መርከብ የሚሳፈሩባት ወደብ ነበረች። ለእነዚህ እንግዶች መንግሥት «ቶሎማዚ» የተባሉ መሪዎችን አቁሞ ነበር። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይና በሪያልቶ ተገኝተው እንግዳውን ማደሪያ ያገኙለታል፣ ገንዘቡን ሲመነዝር ይረዱታል፣ ከመርከብ አዛዥ ጋር ያዋውሉታል። ከኡልም ከተማ የመጣው የዶሚኒካን መነኩሴ ፌሊክስ ፋብሪ በ1483 ለሁለተኛው ጉዞው ቬኒስ ሲደርስ ያረፈው ጀርመኖች በሚያስተዳድሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ማረፊያ ነበር። በጉዞ መዝገቡ ስለ ቤቱ ትልቅ ጥቁር ውሻ ይነግረናል። ውሻው ከጀርመን ምድር የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ባለጸጋም ይሁን ድኻ፣ በደስታ እየዘለለ ይቀበላል፤ ኢጣልያዊ ሲመጣ ግን ይጮኽበታል። ጨዋታ ይምሰል እንጂ ዘመኑን የሚያስረዳ ምስክርነት ነው። በቬኒስ እንግዳ የሚያርፈው በየወገኑ ነበር፤ የቤቱ ውሻ እንኳ ይህን ያውቅ ነበር።

ከእንግዶች ሁሉ በላይ ደግሞ የነገሥታት ማዕርግ አለ። በ1574 የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ከፖላንድ ወደ አገሩ ሲመለስ በቬኒስ አልፏል። መንግሥት ያሳረፈው በታላቁ ቦይ መታጠፊያ በቆመው በካ ፎስካሪ ቤተ መንግሥት ነው። ለእርሱ ክብር ሲባል ሴቶች በጌጥና በልብስ ላይ እንዳያበዙ የሚከለክለው ሕግ ለጊዜው ታገደ፤ እንግዳው ከተማዋን በሙሉ ጌጧ እንዲያያት ተፈለገ። እንዲህ ያሉ ታላላቅ እንግዶች የሚያርፉባቸው ቤቶች በምን ይሞሉ እንደ ነበር የጠየቀ ተመራማሪ ወደ ጌቶ ይደርሳል። ጌቶ ከ1516 ጀምሮ አይሁድ በግድ እንዲኖሩበት የተከለለ፣ በሮቹም ሌሊት የሚዘጉበት ሰፈር ነው። የዘበኞቹንም ደመወዝ የሚከፍሉት የተዘጋባቸው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። በዚያ የሚኖሩ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ለአምባሳደሮችና ለመሳፍንት ማረፊያ የሚሆነውን መጋረጃ፣ ምንጣፍና ቁሳቁስ የማቅረብ ግዴታ ነበረባቸው። የንጉሥ ማረፊያ ውበት ማታ ማታ በር ከሚቆለፍበት ሰው እጅ ይወጣ ነበር ማለት ነው። የቀድሞዋን ቬኒስ የምናደንቅ ሰዎች ይህን አንዘንጋው።

አሁን ወደ ፎንዳኮው ልመለስ። በጥር ወር 1505 ቤቱ በእሳት ወደመ። መንግሥት ሳይውል ሳያድር በራሱ ወጪ እንዲሠራ ወሰነ፤ ይህ ፍጥነት ራሱ ቤቱ ለግምጃ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይመሰክራል። አዲሱ ሕንፃ በሰፊ ግቢ ዙሪያ በቅስቶች የተከበበ ሆኖ በ1508 ተፈጸመ። በሕንፃው ላይ የተቀረጸ እብነ በረድ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለ ነበር ጌጡ በቀለም ሆነ። በቦዩ በኩል ያለውን ግድግዳ ጆርጆኔ፣ ወደ መርቸሪያ መንገድ የሚያየውን ደግሞ ወጣቱ ቲጺያኖ ሣሉት። ጆርጆኔ ስለ ዋጋው ክርክር ተነሥቶበት በሠዓሊዎች ዳኝነት ሥራው 150 ዱካት ተገመተ፤ የተከፈለው ግን 130 ነበር። የባሕሩ ጨዋማ አየር ሥዕሎቹን ቀስ በቀስ በልቷቸዋል፤ ዛሬ የቀሩት ቁርጥራጮች በከተማዋ ሙዚየሞች ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የገንዘቡን መንገድ እንከተል። የፎንዳኮው የደላላነት ሹመት ቋሚ ገቢ ነበረው። መንግሥት ይህን ገቢ ለታላላቅ ሠዓሊዎች እንደ ጡረታ መድቦት ነበር፤ ሠዓሊው ወደ ገበያው ሳይወርድ አበሉን ይቀበላል፤ በምትኩም በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለሪፐብሊኩ ይሥላል። ጆቫኒ ቤሊኒ ይህ ሹመት ነበረው፤ በ1516 ሲሞት ወደ ቲጺያኖ ተላለፈ። ቲጺያኖ በታላቁ ሸንጎ አዳራሽ ውስጥ ሊሥለው የተስማማውን የጦርነት ሥዕል ከ20 ዓመት በላይ ቢያዘገየው፣ በ1537 መንግሥት የተቀበለውን ገንዘብ እንዲመልስ አዘዘው። ሠዓሊውም ደንግጦ በ1538 ሥዕሉን ፈጸመ። ሥዕሉ በ1577 በቤተ መንግሥቱ በተነሣው እሳት ጠፋ፤ ለክርክራችን የሚያስፈልገን ግን የክፍያው ሰንሰለት ነው። የኑረምበርግ ነጋዴ ለቁንዶ በርበሬ ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ የደላላው ድርሻ ይቆረጣል፤ ያ ድርሻ በቬኒስ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሆናል። እንግዳው ይሄዳል፤ ገንዘቡ ግን በከተማዋ ያድራል።

እንግዶቹም የራሳቸውን አሻራ ትተዋል። ከፎንዳኮው አጠገብ ያለው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን የጀርመኖቹ ማኅበር የሚጸልይበት ነበር። አልብሬክት ዱረር በ1506 «የጽጌረዳ አክሊል በዓል» የተባለውን ሥዕል የሣለው ለዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በነጋዴዎቹ ትእዛዝ ነው። ሥዕሉ አሁን በፕራግ ይገኛል።

የገበያውንም መልክ እንይ። ከሪያልቶ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መርቸሪያ ይባላል። በ1499 የተመረቀው የሰዓት ማማ ከአደባባዩ ወደዚህ መንገድ የሚያስገባ በር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኤቭሊን በ1645 በዚህ ሲያልፍ በሁለቱም ወገን ከየሱቁ የተንጠለጠለውን ወርቀ ዘቦና ሐር፣ የሽቱ ሱቆችን መዓዛ፣ በየጎጆው የሚያዜሙትን ወፎች በአድናቆት መዝግቧል። በዕርገት በዓል ሰሞን ደግሞ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ አዲስ ልብስ የለበሰች አሻንጉሊት በመርቸሪያ ሱቅ ትታይ ነበር፤ የከተማዋ ሴቶች የዘመኑን አለባበስ የሚያውቁት እርሷን አይተው ነው። የዛሬው የመስተዋት መስኮት ማሳያ አያት ይህች አሻንጉሊት ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሆኖም የዚያን ዘመን ገበያ ከዛሬው የሚለየው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ከተሸጠው ብዙው በዚያው በከተማዋ የተሠራ ነበር። የመስተዋት ምድጃዎች በ1291 ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ ታዘዙ፤ የእሳት አደጋን ለመከላከልም፣ ሙያውን በአንድ ስፍራ ለመጠበቅም አገልግሏል። ሐር ሸማኔው፣ ወርቅ አንጥረኛው፣ ቆዳ ሠሪው፣ መስታወት ሠሪው እያንዳንዱ የራሱ ማኅበር፣ የራሱ ደንብና የራሱ ጠባቂ ቅዱስ ነበረው። ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ አገር የኮበለለ የሙራኖ ሰው በከባድ ቅጣት ይፈለግ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ እንቆቅልሽ አለ። ይህች ቅንጦትን ለዓለም የምትሸጥ ከተማ በራሷ ልጆች ላይ ቅንጦትን ትከለክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክልከላዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይጀምራሉ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በልብስ፣ በጌጣጌጥና በግብዣ ብዛት ላይ የሚፈርዱ ልዩ ሹማምንት ተቋቋሙ። ሕጉ ተደጋግሞ መውጣቱ ብዙዎች ይጥሱት እንደ ነበር ያሳያል። አሳቡ ግን ግልጽ ነበር፤ ሀብት በጥቂት ቤተሰቦች አንገት ላይ ከሚንጠለጠል በንግድ መርከብ ላይ ይዋል፣ መኳንንቱም እርስ በርስ በፉክክር አይጠፋፉ። ባለቤቱ እንግዳውን በወርቅ ሳህን እያበላ ራሱ በሸክላ ይብላ እንደ ማለት ነበር።

የእኛ አገር ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶኒዮ ባርቶሊ በተባለ የፍሎሬንስ ሰው መሪነት ቬኒስ ደረሱ። ካመጡት ገጸ በረከት መካከል በሕይወት ያሉ ነብሮች ይገኙበታል። ይዘው ለመመለስ የፈለጉት በዋናነት ንዋያተ ቅድሳትና የእጅ ባለሙያዎች ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ከአውሮፓ ይሹት የነበረው ከጦር መሣሪያ ይልቅ ቤተ ክርስቲያንን የሚያስጌጥና የንጉሡን ክብር የሚገልጥ ዕቃ ነው። ቬኒስን የመረጡበትም ምክንያት ከዚህ ይገናኛል፤ ምርጡ የሚሠራባት ከተማ ነበረችና። በኋላም በዚያው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል፤ በአገራችንም መርቆሬዎስ ተብሎ ተጠርቷል። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አግኝቶታል። በእነዚያ ዘመናት ከቬኒስ ጋር የተደረገው ግብይት ዕቃን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውን እጅም ያንቀሳቅስ ነበር።

የባለቤትነቱ ዘመን ያከተመው በግንቦት ወር 1797 ነው። ናፖሊዮን ቦናፓርት በደጅ ሳለ ሪፐብሊኩ ራሱን አፈረሰ። ከእንግዲህ ለእንግዳ ደንብ የሚያወጣ የቬኒስ መንግሥት የለም። ፎንዳኮው በፈረንሳዮች ዘመን ጉምሩክ ሆነ፤ ከኢጣልያ አንድነት በኋላ ደግሞ ፖስታ ቤት። ፖስታ ቤትነቱን ዝቅ አድርገን አንመልከተው። ከመቶ ዓመት በላይ ማንኛውም ቬኒሳዊ ደብዳቤ ለመላክ፣ ጡረታ ለመቀበል በዚያ ግቢ ገብቶ ይወጣ ነበር። ሕንፃው በታሪኩ ለተራው ነዋሪ እንደዚያ ዘመን ክፍት ሆኖ አያውቅም።

በዚሁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ዓይነት ማረፊያ ተወለደ። በ1822 ጁዜፔ ዳል ኒየል የተባለ ሰው ከመስፍኑ ቤተ መንግሥት አቅራቢያ የሚገኘውን፣ የዳንዶሎ ቤተሰብ ያሠራውን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ከፊሉን ተከራይቶ ሆቴል ከፈተ። በእርሱ ቅጽል ስምም ዳኒየሊ ተባለ። ደራሲዎቹ ጆርጅ ሳንድና አልፍሬድ ደ ሙሴ በ1833 መጨረሻና በ1834 መጀመሪያ በዚያ አርፈዋል። ልብ በሉ፤ ቀድሞ በመኳንንት ቤተ መንግሥት ያድር የነበረው በመንግሥት የተጋበዘ ንጉሥ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን የሚከፍል ሁሉ ያድርበታል። ሥልጣን ያጡ ቤተሰቦች ቤታቸውን ማከራየትና መሸጥ ግድ ሆነባቸው። በ1846 የባቡር ድልድይ ከተማዋን ከየብስ ጋር ሲያገናኝ የእንግዳው ብዛት በአያሌው ጨመረ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ይህ ንግድ በኩባንያ ደረጃ ተደራጀ። በ1906 ጁዜፔ ቮልፒ የታላላቅ ሆቴሎችን ኩባንያ በቬኒስ አቋቋመ፤ ሊዶ በተባለው ደሴት ዳርቻ በ1908 የተከፈተው ኤክሰልሲዮርም የዘመኑ ምልክት ሆነ። በ1932 የቬኒስ የፊልም በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በዚሁ ሆቴል ሰገነት ላይ ነው። ቮልፒ በየብሱ በኩል የማርጌራን የኢንዱስትሪ ወደብ ካስጀመሩት ዋነኛው ነበር፤ የሊቢያ ምዕራባዊ ግዛት ገዢ፣ የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኗል። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የኢጣልያ የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። በእርሱ እቅድ ፋብሪካው ወደ የብሱ ዳርቻ ሄደ፤ ጥንታዊቱ ከተማ ለእንግዳና ለበዓል ቀረች። ሥራው ወደ የብስ ሲሻገር ሠራተኛውም ተከትሎ ተሻገረ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የእኛው ዘመን ነው። በ2008 የቤኔቶን ቤተሰብ ኩባንያ ፎንዳኮውን ከኢጣልያ ፖስታ ድርጅት ገዛው። የሆላንዳዊው ሬም ኮልሃስ የሥነ ሕንፃ ድርጅት አደሰው፤ ሕንፃው በ2016 የቅንጦት መደብር ሆኖ ተከፈተ። የመደብሩ አስተዳዳሪ መቀመጫውን በሆንግ ኮንግ ያደረገው ዲኤፍኤስ ነበር፤ ዋና ባለ ድርሻው ኤልቪኤምኤች የተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ኩባንያ ነው። ቀድሞ የቁንዶ በርበሬ ጆንያ በተከመረበት ግቢ ዙሪያ የእጅ ቦርሳ፣ ሽቱና የእጅ ሰዓት ተደረደረ፤ ከጣሪያው ላይም ከተማዋን የሚያሳይ ሰገነት ተሠራ። ዲኤፍኤስ በ2024 መጨረሻ እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ በ2025 የጸደይ ወራትም መደብሩ ተዘጋ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጦርነትን፣ ወረርሽኝንና እሳትን አልፎ የኖረ የንግድ ቤት በአዲሱ መልኩ 10 ዓመት አልሞላም።

የአሮጌውና የአዲሱ ፎንዳኮ ልዩነት ምንድን ነው? በሁለቱም የሩቅ አገር ሰው ውድ ዕቃ ይገዛል። በሁለቱም ትርፍ አለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዘመን ደንቡን የምታወጣው ከተማዋ ነበረች፤ ከሚሸጠው ብዙው በሠራተኞቿ እጅ ያልፋል፤ ከገንዘቡም ድርሻዋ በግድግዳዋ ላይ ይቀራል። በሁለተኛው ዘመን ለመክፈትም ለመዝጋትም የሚወሰነው በሌላ አህጉር ባለ የኩባንያ ሰሌዳ ነው። በመደብሩ ይሸጥ የነበረው ቦርሳ በፓሪስም፣ በዱባይም፣ በሆንግ ኮንግም ይገኛል። ቬኒስ የምታቀርበው መልኳን ብቻ ሆነ። የሙራኖ መስተዋት ሠሪዎች እንኳ ከሌላ አገር በሚመጣ አስመሳይ ዕቃ ስለ ተቸገሩ፣ ክልሉ በ1994 የእውነተኛውን ሥራ የሚያረጋግጥ ምልክት በሕግ ለማቋቋም ተገዷል።

በፎንዳኮው አጠገብ፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ አደባባይ፣ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ከ2008 ጀምሮ በመስኮቱ የታሪካዊቱን ከተማ ነዋሪዎች ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በ1951 በዚህች የደሴቶች ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በ2023 ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተሉ የከተማዋ ዜጎች ለእንግዳ የተዘጋጀው አልጋ ከነዋሪው ቁጥር መብለጡን አስታወቁ። በቀደመው ዘመን ከነዋሪው የሚበልጥ እንግዳ ቢመጣ የት ይተኛ እንደ ነበር አስቡ። ዛሬ አልጋው የተገኘው ነዋሪው ከለቀቀው ቤት ነው። ባለቤቱ ቤቱን ለአጭር ቀን ኪራይ ቢያውለው ለወር ተከራይ ከሚያከራየው ይልቅ ያተርፋል፤ ተከራዩ ይወጣል፤ እርሱ ሲወጣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሠሪው፣ ትምህርት ቤቱ ደንበኛ ያጣሉ፤ እነርሱ ሲዘጉ የቀረው ነዋሪ ለመውጣት ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ ከተማዋ በተመረጡ ቀናት ውሎ ለሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ጥላለች፤ ክፍያው በ2024 5 ዩሮ ነበር። በሆቴል የሚያድር ሰው ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው፤ የማደሪያ ግብር ይከፍላልና። አንዳንዶች ይህን የፎንዳኮው በር መመለስ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። እኔ ግን አልቀበለውም። የፎንዳኮው ደንብ እንግዳውን ከገበያው፣ ገበያውን ከእጅ ባለሙያው፣ ባለሙያውን ከከተማው ጋር ያያይዝ ነበር። የመግቢያ ክፍያ ሰው ይቆጥራል፤ ወደ ባዶው ቤት ነዋሪ አይመልስም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቀላል መደምደሚያዎች ይወጣሉ፤ ሁለቱንም አልደግፍም። የመጀመሪያው ቅንጦት ቬኒስን ገደላት የሚለው ነው። ቅንጦት ቬኒስን ለ500 ዓመታት መግቧታል። ሁለተኛው ወደ ጥንቱ እንመለስ የሚለው ነው። ጥንቱ የተቆለፈ በር፣ የጌቶ ግንብና የሙያ እስራት ነበረው፤ የቱርክ ነጋዴዎችም ከ1621 ጀምሮ በተለየ ፎንዳኮ ሌሊት ይዘጋባቸው ነበር። ማንም ወደዚያ ሊመለስ አይገባም። ታሪክ የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው፤ መጠየቂያ። ስለ አንድ ውብ ሆቴልና ስለ አንድ ውድ ሱቅ ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ዕቃውን የሠራው ማን ነው? ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? ገንዘቡስ የት ያድራል?

አማራጭ እንዳለ የሚያሳዩ ሕንፃዎች በዚያው በቬኒስ አሉ። ንጉሥ ሄንሪ ያረፈበት ካ ፎስካሪ ዛሬ በ1868 የንግድ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ነው። የቱርኮቹ ፎንዳኮ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። በእነዚህ ደጆች ተማሪና ልጅ ይገባል፤ ለእንግዳም ክፍት ናቸው። የሪያልቶው ፎንዳኮ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ባለቤቶቹና የከተማዋ ሹማምንት ናቸው። በመስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሳይጠብቃቸው ይቀንሳል።